አንዲት ሰከንድ አትቆረጥም

መጋቢት 2

ባሕር ተሻግሮ ደብዳቤ መጻፍ ለረሳው የእህቴ ልጅ፤

ጤናህ ይብዛ፣ ሥራህ ይቃና፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውለውን ወገብህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኔ አክስትህ ደህና ነኝ። ሱቄም ደህና ናት፣ ካሜራዬም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትሄድ ሲስተም የጫንክልኝ ኮምፒዩተር። አረጀ እንዳልል በዕድሜ ካንተ ያንሳል። ሰነፈ እንጂ! ይቺን ደብዳቤ ስጀምር "ጤናህ" ብዬ ጻፍኩ፤ ፊደሎቹ የወጡት መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ካደረግኩ በኋላ ነው።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። እኔ ስልክ ሳናግር ሰፈር ይሰማል፣ የእናትህ ጆሮ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ይሰማል። ነገሩ ምስጢር ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ቅዳሜ እናትህ ጡረታ ትወጣለች። ሆስፒታሉ ለሽኝቷ አዳራሽ ሰጥቷል፤ እኔ ደግሞ ሳትሰማ ፊልም እየሠራሁላት ነው። በእጇ የተወለዱትን እያፈላለግኩ፣ ካሜራዬን ተሸክሜ ስዞር ከረምኩ። አናጺው አለ፣ የባንኳ ሥራ አስኪያጅ አለች፣ መንትዮቹ የታክሲ ሾፌሮች አሉ። አንዱን ባለ ቦርጭ "አዋላጅህን ምን ትላታለህ?" ብለው "ገና ከመምጣቴ ቂጤን በጥፊ ያለችኝ እሷ ናት?" አለኝ። ያንንም አስገብቼዋለሁ።

መቁረጡም መቀጠሉም አልቋል። የቀረው ቁርጥራጩን ሁሉ አስተሳስሮ አንድ ፊልም አድርጎ ማውጣት ነው፤ እኛ ባለሙያዎቹ ሬንደር የምንለው። ኮምፒዩተሩ ታዲያ ሥራውን ሲሰጡት በደንብ ይጀምርና መሐል ላይ ያጓራል፣ ከዚያ እንደ ኤሊ ይሆናል። ሱቁን እስክዘጋ ግማሽ አይደርስም። ማታ ደግሞ ሕንፃው መብራት ያጠፋል፤ በነጋታው ሀ ብዬ ነው የምጀምረው።

አየህ፣ ይሄ ፊልም የቀልድ አይደለም። ከእናትህ ጋር ሁለት ዓመት ያኮራረፈን ያንተው የስንብት ግብዣ ፊልም መሆኑን ታውቃለህ። ምርቃቷ ረዘመና ቆረጥኩት። ሙያዬ ነው፤ የረዘመ ይቆረጣል! አዎ፣ "አሜን" የሚለው ሕዝብ ብቻ ቀረ፤ ለምን አሜን እንደሚል አይታወቅም። እንግዳ ተሰብስቦ እያየ እናትህ "አሁን የኔ ይመጣል" ብላ ስትጠብቅ ፊልሙ አለቀ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከታረቅን ገና ወራችን ነው። ይሄኛው ካልደረሰ "የእህቴ ማሽን ለሰው ይሠራል፣ ለእኔ ሲሆን ይሞታል" ብላ ሌላ ሁለት ዓመት ታኮርፈኛለች። በእኛ ዕድሜ ሁለት ዓመት ማኩረፍ ቅንጦት ነው፤ ማን ያውቃል?

ስለዚህ አዲስ ኮምፒዩተር ላክልኝ። ትልቅ ይሁን።

አክስትህ

መጋቢት 5

ለምወድሽና ለምፈራሽ እታለም፤

ዓይንሽ ትኩረት አይጣ፣ እጅሽ ካሜራ ከመሸከም አይድከም። አጎቴን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም ስለ ጸሎትሽ ያመሰግናል።

እዚህ ምን እንደምሠራ ሁሌ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም "ኮምፒዩተር" ብዬ አልፋለሁ። አሁን ግን የኔ ሥራና ያንቺ ችግር መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላም ተባብለዋል። ፕሮሰሰሩን የኮምፒዩተሩ ልብ ነው በይው። ሁሌ በአንድ ፍጥነት አይመታም። ሥራ ሲበዛ ይፈጥናል፣ ሥራ ሲያልቅ ይዘገያል፤ መብራት እንዳያባክን፣ እንዳይግልም። መቼ ይፍጠን፣ መቼ ይዝገም ብሎ የሚወስነው ከርነሉ ነው። ከርነል ማለት ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ሥር ተቀምጦ ሁሉን የሚያዘው ፕሮግራም ነው። ከርነሉ ውስጥ ለዚህ ለፍጥነት ጉዳይ ብቻ የተመደበ አንድ አለቃ አለ። እኔና ጓደኞቼ ደመወዝ እየበላን ቀኑን ሙሉ የምንጨቃጨቀው ይሄ አለቃ ምን ዓይነት ጠባይ ይኑረው በሚል ነው።

ጠባዩ ይመረጣል። ቆጣቢ ካልሽው ቤት ቢቃጠል ከዝግታው አይወጣም። ለጋስ ካልሽው ሥራ ኖረም አልኖረም በሙሉ ፍጥነት ነው። ሦስተኛው እንደ ሥራው ያደርጋል፤ ያንቺ ላይ ያለው እሱ ነው። በዚህ በሦስተኛው ላይ እኔ ራሴ አንድ ማሻሻያ ጽፌያለሁ፤ ለድሮ ማሽኖች እንዲበጅ ብዬ። ገና ጓደኞቼ አልተቀበሉኝም። ያንቺን ኮምፒዩተር ካሮጠልኝ አፋቸውን አስዘጋለሁ።

አዲስ ኮምፒዩተርስ ይገዛል፤ ግን ያንቺው ጤነኛ ነው፣ እጄ ያውቀዋል። ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ፕሮግራም ልኬያለሁ። ክፈቺውና ተይው፤ ፍጥነቱንና ሙቀቱን ራሱ እየመዘገበ ይልክልኛል። ቸኩለሽ ከሆነ ጠባዩን ለጋስ አድርጊው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

ደግሞ ፊልሙን ትንሽ ብታሳጥሪውስ? ባጠረ ቁጥር ይቀለዋል።

የእህትሽ ልጅ

መጋቢት 12

ለአለቃ ሾሚው፣ ለአለቃ ሻሪው የእህቴ ልጅ፤

እግዜር ያክብርህ፣ ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። ደብዳቤህን ለአጎትህ አነበብኩለት። "ቆጣቢው" የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት። "ምን ታይኛለሽ?" አለኝ። እኔ ምን አልኩ? ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰውዬ ኮምፒዩተር ውስጥ መኖሩን አሁን አወቅኩ እንጂ!

እንዳልከኝ ለጋስ አደረግኩት። ወይ ጉድ! ተነሳልህ፣ ነፋስ ሆነልህ። ማራገቢያው ሲጮህ አላፊ አግዳሚው ዘወር እያለ ያያል። "ተባረክ የእህቴ ልጅ" ብዬ ሳልጨርስ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ከድሮውም ብሶ ቁጭ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ላንተ አለቃ ነው እንዴ? ሰኞና ረቡዕ ደግሞ ደህና ይሠራል፤ ግን ሰኞና ረቡዕ ደንበኛ ስለሚበዛ ፊልሙን የምጭነው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ፋታ አለኝ፤ እናትህ ከሥራ ወጥታ ሻይ ይዛ ትመጣለች፣ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ እኔ ስክሪኑን አጠፋና ወሬ እንይዛለን። ውስጥ ውስጡን ሬንደር እያደረገላት መሆኑን አታውቅም።

ፊልሙን አሳጥሪው ያልከውን አላነበብኩትም። አንዲት ሰከንድ አትቆረጥም! ይሄን ቃል ደግመህ እንዳትጽፍልኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ ሱቄን አላስረግጠውም ነበር።

ኮምፒዩተሩ ይቅር፤ ትልቅ ማራገቢያ ላክልኝ።

አክስትህ

መጋቢት 14

ለእታለም፤

ሰላምታዬ ካለፈው ይብለጥ እንጂ አይነስ። ቁጣሽም ደርሶኛል፤ ስለ ማሳጠር የተናገረ ምላስ ተቀጥቷል።

ፕሮግራሜ የላከልኝን አየሁት። እታለም፣ ያንቺን ኮምፒዩተር የሚያዘገየው አለቃው አይደለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ በከንቱ ስንሰድበው ከረምን። ከአለቃው በላይ አንድ ዘበኛ አለ። ይሄ ዘበኛ ሥራ አያውቅም፣ ይሉኝታ አያውቅም፣ የሚያየው ሙቀት ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ሊቃጠል ነው ብሎ ካሰበ አለቃውን ገፍትሮ ፍጥነቱን ወደ መጨረሻው ዝቅታ ያወርደዋል። ለጋስ ስታደርጊው የባሰበትም ለዚህ ነው፤ በሮጠ መጠን ቶሎ ጋለ፣ ቶሎ ጋለና ዘበኛው ቶሎ ደረሰ።

ጥያቄው ለምን ይግላል ነው። ሰኞ ከባድ ሥራ ሰጥተሽዋል፣ አልጋለም። ማክሰኞ ጠዋት ሰጥተሽዋል፣ አልጋለም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ትኩሳት ጀመረው፣ እስክትዘጊ አልለቀቀውም። ዓርብም እንደዚሁ። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምን አለ? አንቺው እንደነገርሽኝ እማዬ ትመጣለች። እናቴ ደግሞ ትኩሳት ታወርዳለች እንጂ ትኩሳት አታመጣም።

ጓደኞቼ "ማሻሻያህ አክስትህ ቤት ወደቀ" እያሉ ይስቁብኛል። እባክሽ ንገሪኝ፤ እማዬ ስትመጣ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ?

የእህትሽ ልጅ

ሚያዝያ 3

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

አጎትህ ጥርሱን አስነቀለ። የሕንፃችን ደረጃ ቀለም ተቀባ፤ አረንጓዴ ነው፣ አያምርም። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ ታጨች፤ ሰርጓን እኔ ነኝ የምቀርጸው። እናትህ የቀራትን ዕረፍት አጠራቅማ ወጥታለች፤ አሁን በየቀኑ ሱቅ ስከፍት ትመጣለች፣ ስዘጋ አብረን እንወጣለን። እንዴት ደስ እንደሚል አትጠይቀኝ። ሁለት ዓመት ያልተወራ ወሬ አለብን።

ፊልሙ አልወጣም።

ማራገቢያው ይቅር። ፎቶህን ላክልኝ፤ ከስተሃል ይባላል።

አክስትህ

ሚያዝያ 4

ለእታለም፤

አጎቴን እግዜር ይማረው፤ ለሙሽራዋም እንኳን ደስ ያላት። ደረጃው አረንጓዴ መሆኑ አሳዝኖኛል። ፎቶዬ ተልኳል፤ አልከሳሁም።

አሁን የጠየቅኩሽን መልሺልኝ። ሽኝቱ ሦስት ሳምንት ቀረው፣ እማዬ በየቀኑ እየመጣች ነው፣ ኮምፒዩተሩም በየቀኑ እያተኮሰው ነው። አንቺ ዝም ያልሽው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እታለም ዝም ካለች ነገር አለ። እማዬ ስትመጣ ኮምፒዩተሩን ምን ታደርጊዋለሽ?

የእህትሽ ልጅ

ሚያዝያ 6

አለብሰዋለሁ።

በቃ፣ ነገርኩህ። ልትስቅ ነው፤ ሳቅ። ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

የታረቅን ሰሞን እናትህ አንድ ጥቅል ይዛ መጣች። "አቧራ እንዳይበላው" አለችና ዘረጋችው። ሹራብ ነው! ለኮምፒዩተር ሹራብ! በገዛ እጇ የሠራችው። አንተም ታውቃለህ፣ እናትህ የምታውቀው የሹራብ ልክ አንድ ብቻ ነው፤ ገና ለተወለደ ሕፃን። የምታዋልዳቸው ልጆች እየለበሱት የወጡት ያ ቢጫው። እሱኑ ነው አሳድጋ የሠራችው። አንገት አለው። ከጀርባው ስድስት ቁልፍ አለው። እጅጌም አለው! "እጅጌው ለምንድን ነው?" ብላት "ያለ እጅጌ አልችልበትም" አለችኝ። እንግዲህ የኔ ኮምፒዩተር እጁ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ ቁጭ ይላል። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ነው ሰላም የሚለው።

እኔ ብቻዬን ስሆን አወልቀዋለሁ፤ ዲስክ ማስገቢያውን ይሸፍንብኛል። እሷ መንገድ ስትሻገር በመስኮት ሳያት ሮጬ አለብሰዋለሁ። ልብሱ ማሽን ይገድላል ብዬ ምን ቆርጦኝ አስባለሁ? ሰው ሲለብስ ይሞቀዋል እንጂ ሥራ አይፈታም አልኩ። አንተ ማክሰኞና ዓርብ ያልከኝ ቀን ነው ደንግጬ ያወቅኩት። ለዚህ ነው ዝም ያልኩህ።

አውልቂው እንዳትለኝ። ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እጇን ከጀርባው ሰዳ ቁልፎቹን ትዳብሳለች፤ ስድስቱም መቆለፋቸውን። ከዚያ ነው ለእኔ ሰላም የምትለው። እስቲ ፍረድ! ምርቃቷን የቆረጥኩ ሴት አሁን ደግሞ ሹራቧን ላውልቅባት? ሬንደር እያደረግኩ ስለሆነ ነው ብዬ እንዳላስረዳት ፊልሙ ምስጢር ነው። ውጪ ሂጂ እንዳልላት በስንት ጭንቅ የመጣች እህቴ ናት።

አንድ ነገር አድርግልኝ ልጄ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ኮምፒዩተርም፣ ማራገቢያም። ሹራቡን እንደለበሰ ይሥራልኝ።

ጤናህ ይብዛ፣ ሥራህ ይቃና።

አክስትህ

ሚያዝያ 7

ለእታለም፤

ሰላምታውን እኔም መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከሳቅ እስክመለስ።

ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንዱ ወንበሩን ለቆ ወለል ላይ ተቀመጠ። "ፈተናችን ውስጥ ሹራብ አላስገባንም" አለች አለቃችን፤ ይቺኛዋ እውነተኛዋ ሰው አለቃ። በድሮ ማሽን ሞክረናል፣ በሞቃት ክፍል ሞክረናል፤ በቁልፍ የተቆለፈ ግን ማን ያስባል? ኮምፒዩተርሽ የሚተነፍሰው በጀርባው ነው እታለም። እማዬ ስድስት ቁልፍ የደረደረችው አፍንጫው ላይ ነው።

ግን ገብቶኛል። አይወልቅም። እንግዲያው ለአለቃው ጣሪያ ሠራሁለት። "ምንም ሥራ ቢመጣ ከዚህ ፍጥነት በላይ አትዝለል" የሚል፤ ሙቀቱ በደንብ ከቀነሰ ብቻ ጣሪያው ራሱ ከፍ ይላል። ራቁቱን ሊሮጥ ከሚችለው ግማሹን ትንሽ አለፍ ብሎ ይሮጣል። ታዲያ አይግልም፤ ካልጋለ ዘበኛው አይነሳም፤ ዘበኛው ካልተነሳ ማንም አያቆመውም። ዝም ብሎ፣ ሳይፎክር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትይኝ የለ? እሱኑ ነው በኮድ የጻፍኩልሽ። የላኩልሽን ክፈቺና አንዴ እሺ በይው።

አስልቼዋለሁ። ሱቅ እንደከፈትሽ ብትጀምሪ ልትዘጊ ስትይ ያልቃል። ለጥቂት ነው። መሐሉ ላይ ሌላ ሥራ እንዳትሰጪው፤ ይቺን ታክል እንኳን።

ፊልሙ ቢያጥር እርግጠኛ እሆን ነበር። ግን አላልኩም። ለምን እንደማይቆረጥም አልጠይቅሽም፤ የገመትኩ ይመስለኛል።

ዓይንሽ ትኩረት አይጣ፣ እጅሽ አይድከም።

የእህትሽ ልጅ

ግንቦት 1

ለጌታዬ፣ ለኩራቴ፣ ለአለቆች ሁሉ አለቃ፤

እልፍ በል፣ ተባረክ፣ የጻፍከው ሁሉ ይስመርልህ፣ የሳቀብህ ጓደኛህ ከወለሉ ላይ አይነሳ! ደረሰ! ፊልሙ ደረሰ!

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ መብራት ሄደብኝና በመጨረሻ ከሽኝቱ በፊት ያለችው ዓርብ ብቻ ቀረችኝ። ጠዋት ከፈትኩ፣ ጫንኩት፣ ስክሪኑን አጠፋሁ፣ ሹራቡን አለበስኩት። እናትህ መጣች፣ ቁልፎቿን ዳበሰች፣ ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩ እንዳልከው አይፎክርም፤ እያጉረመረመ ይሄዳል። እኩለ ቀን ላይ ለአንዲት ሙሽራ ፎቶ ማድረስ ነበረብኝ። ልቤ እሱ ላይ ቀርቶ ወጣሁ። መንገድ ተዘግቶ ቆየሁ። ስመለስ እናትህ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "ምን ሆነሽ?" አልኳት። "አቧራ ገባብኝ፤ ሱቅሽን አጽጂ" አለችኝ። እሺ አልኩ፤ ጭቅጭቅ ምን ያደርጋል?

ያንተ ጣሪያ ግን ተአምር ነው። ለጥቂት ያልከኝ ነገር ሻይ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ! እጄን ስሰድበት ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። ለጓደኞችህ ንገራቸው፣ እኔም ካስፈለገ እመሰክራለሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። አናጺው መጣ፣ መንትዮቹ መጡ፣ ያ ባለ ቦርጭ ቂጡን ይዞ መጣ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ፣ መጨረሻ ላይ፣ የእናትህን ምርቃት አስገባሁት። ያንተን የስንብት ምርቃት። ከድሮው ዲስክ ፈልጌ፣ ከመጀመሪያው "ልጄ ሆይ" እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ሙሉውን። አሁንም ረዝሟል እላለሁ፤ ሙያዬ ነው። ግን አንዲት ሰከንድ አልቆረጥኩም። አዳራሹ "አሜን" ሲል ለምን እንደሚል ታወቀ።

እናትህ በጨለማው ውስጥ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ፤ እስኪበራ አልለቀቀችኝም። እኔ ምንም አላልኩም። አንተ ታውቀኛለህ፣ ዝም ማለት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ።

ምንም አትላክልኝ። ለእናትህ ግን ቢጫ የሹራብ ክር ላክላት። ደስ ይበላት ብዬ ለስክሪኑም እንድትሠራልኝ ለምኛታለሁ።

አክስትህ

ግንቦት 4

ለልጄ፤

ደህና ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። እንደ አክስትህ መግቢያ አላበዛም። ይሄን የምጽፍልህ ከሆስፒታሉ በስጦታ በተሰጠኝ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ምንም አላለበስኩትም።

ፊልሙን ሰምተሃል። እኔ ግን ያየሁት ዓርብ ነው።

አክስትህ ለሙሽራዋ ፎቶ ልታደርስ ስትወጣ ብቻዬን ቀረሁ። ያ ኮምፒዩተር ያቃስታል። ስንት ዓመት የልጅ ትንፋሽ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ጀርባው ላይ እጄን አሳረፍኩ። ያተኩሰዋል! ያተኮሰውን ልጅ አትጠቅልሉት እያልኩ እናቶችን ስቆጣ ኖሬ፣ ለካ እኔው ነኝ ጠቅልዬ የቆለፍኩበት። አራቱን ቁልፍ ፈታሁለት። እጅጌዎቹንም ሰበሰብኩለት። ወዲያው ትንፋሹ ቀለል አለው።

ትኩሳቱን የሚያሳይ ነገር ይኖረው እንደሆነ ብዬ ስክሪኑን አበራሁት። እኔ ነኝ ያለሁት። ያ ሰማያዊ ቀሚሴ፣ ያንተ ስንብት። ምስሉ በዝግታ ነው የሚያልፈው፤ ድምፅ የለውም። ግን ምን እንዳልኩ አውቀው የለ? ከንፈሬን እያየሁ አብሬ አልኩት። ይሄ ጋ ይቆረጣል እያልኩ ስጠብቅ አልተቆረጠም። እዚህ ጋስ አልኩ፤ አልተቆረጠም። መሐል ላይ ያሳለኝ ጊዜ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ሳሌን እንኳን አልቆረጠችውም። እህቴ ይቅርታ መጠየቅ አይሆንላትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሆንላትም። እንዲህ አድርጋ ጠየቀችኝ።

እግሯን ደረጃው ላይ ስሰማ ስክሪኑን አጠፋሁ፣ እጅጌዎቹን መለስኩ፣ ሁለቱን ቁልፍ ቆለፍኩ። የቀሩትን ሁለቱን ለትንፋሽ ተውኳቸው፤ ከጀርባ ስለሆኑ አላየችም። ስለዚህ ያ ጣሪያህ ጥሩ ነው፣ በርታ፣ ግን ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ያለቀው በሁለት ቁልፍ ነው። ለጓደኞችህ መንገር ያንተ ፈንታ ነው። ለእሷ ግን አትንገራት። ቅዳሜ በጨለማው ውስጥ እንደ አዲስ አልቅሻለሁ፤ እሱም እውነት ነበር።

ክሩን እንዳትልክ! እኔ ሹራብ መሥራት ወድጄ አላውቅም። ለሕፃናቱ የምሠራው ሌላ የሚሠራ ጠፍቶ ነው። ያንን የሠራሁላት ባዶ እጄን ሱቋ መግባት ከብዶኝ ነበር፤ ቁልፎቹን የምዳብሰውም በር ላይ ቆሜ ምን እንደምላት ስለማላውቅ ነው። አሁን ለስክሪኑም ሥሪልኝ አለችኝ። እሺ ብያታለሁ፤ እሠራለሁም። ምን ይደረጋል?

አንድ ነገር ብቻ ላንተ ልበልህና ላብቃ። ሙሉውን ቁጭ ብዬ ካየሁት በኋላ ገባኝ። እውነቷን ነው፤ ረዝሟል። እንዳትነግራት።

እናትህ